የምግቡን ወላፈን ለቻለው ሰው

የሰው አኽላቅ የሚታወቀው በሚያከብረው ሰው ፊት ሲቆም ብቻ አይደለም። አፀፋ ሊመልስለት ከማይችል ሰው ጋር ሲገናኝም ነው። የምግብ ቤት አስተናጋጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። አጨብጭበን ብንጠራው ይመጣል፤ ብንቆጣው አንገቱን ይደፋል፤ እንጀራው ነውና።

ቡኻሪ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ይዘው በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋዩ ምግብ ያቀረበለት ሰው አብሮት እንዲያስቀምጠው፣ ያ ካልሆነም አንድ ወይም ሁለት ጉርሻ እንዲሰጠው አዘዋል። ምክንያቱንም ገልጸዋል፦ የምግቡን ሙቀትና የማሰናዳቱን ድካም የቻለው እርሱ ነው። ሐዲሱ የሚናገረው ስለ ቤት አገልጋይ ቢሆንም ምክንያቱ በምግብ ቤት ሠራተኛም ላይ ይገኛል። በአማርኛችን ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብም «ጉርሻ» መባሉ ያስተውሏል?

ይሁንና ጉርሻ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የረመዷንን ምሽት እንመልከት። መግሪብ ሲቃረብ ሁላችንም ሾርባና ሳንቡሳ በአንድ ጊዜ እንጠራለን። አዛን ሲሰማ እኛ ተምራችንን እናነሳለን፤ ትሪ የተሸከመው ልጅ ግን እርሱም ጾመኛ ሆኖ ሳለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይሮጣል። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ አፍጥር፤ እኛ እንጠብቃለን» ብሎ አንድ ተምር መዘርጋት ምን ያህል ይከብዳል? ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ እንዳለው ተምረን የለም ወይ?

ያላዘዝነው ምግብ ሲመጣ ወይም ሻይ ልብሳችን ላይ ሲደፋስ? አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳልተባሉ ተናግረዋል። ስህተቱን ዝቅ ባለ ድምፅ ለራሱ ለአስተናጋጁ መንገር ይበቃል። ባለቤቱን ጠርቶ በሰው ፊት መጮህ ልጁን ከሥራው ሊያፈናቅለው ይችላል።

ሒሳቡ ጎድሎ ሲመጣም ዝም ብሎ መውጣት ዕድል አይደለም። ጉድለቱ ከአስተናጋጁ ኪስ ሊሞላ ይችላልና የሰው ሐቅ ነው።

ኪሱ የሳሳ ወንድምም ጉርሻ ባለመተዉ አይሸማቀቅ። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 263 ላይ መልካም ንግግር ማስከፋት ከሚከተለው ምጽዋት እንደሚበልጥ ያስተምረናል። ከልብ የወጣ «ጀዛከሏህ ኸይር» ወይም «እጅህን ይባርከው» ተወርውሮ ከተጣለ ብር ይበልጣል።

አላህ በማዕድ ዙሪያም አደብ ካላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።