እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል? በነበልባል የሚሠራን ማቀዝቀዣ በፀሐይ ኃይል ስለ መተካት

ማቀዝቀዣ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚያጉረመርም ሣጥን ነው። በሀገራችን የገጠር ጤና ተቋማት ግን ለረጅም ዓመታት ክትባት ያቆየው ከሥሩ እሳት የሚነድበት ሌላ ዓይነት ማቀዝቀዣ ነበር። የተስፋፋው የክትባት መርሐ ግብር በኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) ሲጀመር የኤሌክትሪክ መስመር ከትላልቅ ከተሞች ብዙም አልራቀም ነበርና ነጭ ጋዝ ወይም ቡታጋዝ የሚያነድዱ ማቀዝቀዣዎች ዋነኛ አማራጭ ሆኑ። ከደሴ በስተ ምዕራብ የመካነ ሰላም፣ የወግዲና የከላላ ደጋዎች እየተዘቀዘቁ ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ሸለቆዎች ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚቀመጥ ማቀዝቀዣ በደጋው ከሌሊት ብርድ፣ በቆላው ከቀን ሙቀት ክትባቱን መጠበቅ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የነበልባሉን ማቀዝቀዣ አሠራር፣ የሚተካበትን ምክንያትና በሚተካበት ጊዜ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ እንመለከታለን።

ነበልባሉ ምን ይሠራል?

መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን በአልኮል ሲታበስ ቅዝቃዜ ይሰማናል። አልኮሉ ሲተን ሙቀትን ከቆዳችን ስለሚወስድ ነው። የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘውም ገላው እያላበ ስለሚተን ነው። የነበልባሉ ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ የሚተነው ፈሳሽ አሞኒያ ነው።

ማቀዝቀዣው ከጀርባው በብየዳ የተዘጋ የብረት ቱቦ አለው። በቱቦው ውስጥ ውኃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን ይገኛሉ። ነበልባሉ ከታች አሞኒያ የሟሟበትን ውኃ ያሞቃል፤ የሚፈጠሩት አረፋዎችም ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ይገፉታል። ጀበና ሲገነፍል ቡናው በአንገቱ የሚወጣበትን ሁኔታ ያየ ሰው ይህን «ፓምፕ» አይቶታል ማለት ይቻላል። ከውኃው የተለየው የአሞኒያ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ለአየር ይሰጥና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም ሃይድሮጅን ወዳለበት ክፍል ይገባል። አጠቃላይ ግፊቱ በቱቦው ሁሉ እኩል ቢሆንም በዚህ ክፍል የአሞኒያው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ፣ እርጥብ ልብስ በደረቅ አየር እንደሚደርቅ ሁሉ ፈሳሹ አሞኒያ በፍጥነት ይተናል። በዚህ ጊዜ ሙቀትን ከሣጥኑ ውስጥ ይወስዳል። በመጨረሻም ውኃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠዋል፤ ቀላሉ ሃይድሮጅን ወደ ስፍራው ይመለሳል፤ ዑደቱም ይቀጥላል።

የሚሽከረከር ሞተር የሌለውን ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1922 የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ የስቶክሆልም ተማሪዎች ናቸው። በውጭ ሀገር ተጓዦች ቤት አድርገው በሚኖሩባቸው መኪናዎች ውስጥ ያለው የጋዝ ማቀዝቀዣም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ለምን ይተካል?

ፈሳሹን የሚያዘዋውረው የስበት ኃይል በመሆኑ ማቀዝቀዣው በውኃ ልክ ተስተካክሎ መቆም አለበት። ወለሉ ካዘነበለ ፈሳሹ ባልተፈለገ ስፍራ ይቆማል፤ በማፍያው አካባቢም ከመጠን በላይ ይሞቃል። ብረቱን ከዝገት ለመከላከል የሚጨመረው ሶዲየም ክሮሜት በዚህ ሙቀት ተበላሽቶ ቱቦውን ሊዘጋው ይችላል።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መቶኛ አልተለወጠም፤ ነገር ግን አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክስጅን ቀንሷል። ለቆላ የተስተካከለ ማንደጃ እዚህ ሲመጣ ነበልባሉ ይበጫል፣ ጥላሸት ያበዛል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያወጣል። በብርድ ምሽት ከሰል አያይዘው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ ይኸው ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። (የታሸገው ቱቦ ግን የውጭው ከፍታ አይገደውም፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ወደ 20 እጥፍ የሚጠጋ ነው።)

ወጪውን በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል። በነበልባል የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ በቀን አንድ ሊትር ያህል ሲፈልግ፣ ኮምፕረሰር ያለው ዘመናዊ የፀሐይ ማቀዝቀዣ በብዙ ሁኔታ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባነሰ ይሠራል። ባለ 300 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በቀን ለአምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ብርሃን ቢያገኝ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ነዳጁ በበቅሎ ተጭኖ መምጣቱ ሲታሰብ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

አሮጌው ሲነሣ

አደጋው ከማቀዝቀዣው ጋር ተጭኖ አይሄድም፤ ከፊሉ በክፍሉ ውስጥ ይቀራል። በቅድሚያ ነበልባሉ ይጠፋል፣ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋል፣ መስኮት ተከፍቶ መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ስለሚከብዱ የፈሰሰ ጋዝ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ በሩም መከፈት አለበት። የጋዝ ቱቦው እስከ ሲሊንደሩ ድረስ ተነቅሎ ይወጣል። ቱቦው ሌላ ምድጃ የሚያገለግል ከሆነ ግን ጫፉ በባለሙያ ተደፍኖ መገጣጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የታሸገው ቱቦ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይበየድም። አሞኒያ ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል፤ ሃይድሮጅን ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዶሜቲክ የተባለው አምራች በአሜሪካ ለጉዞ መኪናዎች የተሠሩ ከ900 ሺህ በላይ ማቀዝቀዣዎች እንዲታረሙ የጠራው የማፍያው ቱቦ ሊሰነጠቅና እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነበር። ከጀርባው ቢጫ ብናኝ ከታየ ወይም የአሞኒያ ሽታ ካለ ቱቦው አፍስሷል ማለት ነው፤ ብናኙም መርዛማ ክሮሜት በመሆኑ በባዶ እጅ አይነካም። ብረቱ ለቀጥቃጭ መሸጡ የተለመደ ሐሳብ ቢሆንም እኛ አንመክረውም። ቱቦውን የሚሰብረው ሰው በውስጡ ያለውን አያውቅምና።

የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ይደፈናል። ይሁን እንጂ አዲሱም ማቀዝቀዣ ከሣጥኑ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው ስለሚጥል ከግድግዳ ራቅ ብሎ መቆም አለበት።

አዲሱ ሲገባ

የቀድሞዎቹ የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች ባትሪ ነበራቸው። ባትሪው በጥቂት ዓመታት ይደክማል፤ አንዳንዴም መብራት ወይም ራዲዮ ሊያሠራ ይወሰዳል። አሁን በብዛት የሚገቡት ያለ ባትሪ በቀጥታ ከሰሌዳው የሚሠሩት ናቸው። ቀን የተገኘውን ኃይል በረዶ አድርገው ያስቀምጡታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርትም ፀሐይ ባይኖር ቢያንስ ለሦስት ቀን ቅዝቃዜ እንዲጠብቁ ያዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደጋውን ጉም ለሚያውቅ ሰው ሦስት ቀን ብዙ አይደለም፤ ሆኖም በደመናም ብርሃን ጥቂት ኃይል ይገኛል።

ሰሌዳው በመጠኑ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። አብዝቶ ማዘንበል አያስፈልግም፤ ከላላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 እስከ 11 ዲግሪ መካከል ስለሚገኝ በሐምሌ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ራሷ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ተማሪዎች በዚያ ወር ጥላቸው ወደ ደቡብ መውደቁን አይተው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ሰሌዳው ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ሽቦ ሲገናኝ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈናል። ከሁሉ የሚያሳስበው ባሕር ዛፍ ነው። የሰሌዳው ሕዋሶች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው በጥቂቶቹ ላይ የሚወድቅ ጥላ የብዙዎቹን ኃይል ይቀንሳል፤ ዛሬ ከወገብ በታች ያለ ችግኝም በጥቂት ዓመታት ከጣሪያው በላይ ይሆናል።

ለክትባት የሚፈለገው ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የኩፍኝ ክትባት ሙቀት ይጎዳዋል። የቴታነስ፣ የሄፓታይተስ ቢና የፔንታቫለንት ክትባቶች ግን ከሙቀት ይልቅ መርጋት ይፈራላቸዋል፤ በውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ጨው ከረጋ በኋላ ይጓጉላል፣ በረዶው ቢቀልጥም ኃይላቸው አይመለስም። ስለዚህ አሮጌው በሚነሣበት ቀን ክትባቱ በረዶው ላብ እስኪያወጣ በቆየበት የክትባት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል ወይም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። አዲሱ ማቀዝቀዣ ባዶውን ለተከታታይ ቀናት ይሠራል፤ የሙቀት መጠኑም ጠዋትና ማታ ይመዘገባል። መዝገቡ የማለዳውንም ብርድ ጨምሮ በ2 እና በ8 መካከል መቆየቱን ሲያሳይ ብቻ ክትባቱ ይገባል።