ዋሽንትና ዘመዶቹ

ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳዎች አሉት። ሲረዝም በውስጡ ያለው አየር ቀስ ብሎ ስለሚርገበገብ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያጥር ይቀጥናል። እምቢልታ ግን የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ያወጣሉ። ዓረቦችም ነይ የሚባል የሸምበቆ ዋሽንት አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተገናኙ፤ ዋሽንትም አብሯቸው ነበር።

ዋሽንት የሚለመደው በጆሮ ነው፤ የሚያሰማ ከጠፋ ዜማውም ይጠፋል። ስለዚህ ወላጆች፣ እዚህ ጅቡቲ ከተማም ሆናችሁ የምታውቁትን ዜማ ለልጆቻችሁ አሰሙ።

መልመጃ፦
1. በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ንፉ፤ ውሃ እየጨመራችሁ ድገሙት። ድምፁ ለምን ቀጠነ?
2. ከቤተሰባችሁ ዋሽንት የሚነፋ ማን ነበር? ጠይቃችሁ ጻፉ።