ውኃን የሚያስለቅቅ የሐሰት መልእክት

ጥያቄ፦ ጡት የሚጠባው ልጄ ትኩሳትም ደምም የሌለበት፣ ውኃ መሳይ ተቅማጥ ይዞት ሳለ የተሰጠን ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ብቻ ነው። ተቅማጡን የሚያቆም መድኃኒት ስለምን ተከለከልን? (እናት፣ ከካራቆሬ)

መልስ፦ እመቤቴ ሆይ፤ እንደ ይፋት ባለ ሞቃት ቆላ ሕፃናትን ለሚያጠቃው ለእንዲህ ያለው ተቅማጥ ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ አንድ ወገን ሲሆን፣ ሙቀት የማይሽረው መርዙ በአንጀት ሕዋሳት ገጽ የቆመውን ጓኒሊል ሳይክሌዝ ሲ የተባለ ኢንዛይም በሐሰት መልእክት ያስነሣዋል፤ ኢንዛይሙም የአንጀትን እርጥበት በልክ ይጠብቅ ዘንድ የተሠራ ሳለ፣ ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የተባለውን መልእክተኛ ያለ መጠን እያበዛ ጨውና ውኃ ከሕዋሳቱ ወደ አንጀት እንዲፈስ ያደርጋል። ዳሩ ግን መርዙ ስኳርንና ጨውን በአንድነት ወደ ደም የሚያስገባውን በር አይዘጋምና፣ የተሰጠዎት የኦ.አር.ኤስ ዱቄት ውኃውን በዚያው በር ይመልሰዋል፤ በእኔ ፍርድ ከዚህ የሚልቅ የሕክምና ጥበብ ጥቂት ነው። አንጀትን የሚያስር መድኃኒት ግን ለሕፃን አደገኛ ነው። ማጥባቱን አያቋርጡ፤ ዚንኩን ከ10 እስከ 14 ቀን ይስጡት፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።