የባንክ ካርድና የቤታችን ገንዘብ

አዲስ ቃላት፦ ካርድ፣ የሚስጥር ቁጥር፣ ብድር፣ ወለድ፣ አራጣ

በሰንዳፋ አካባቢ ያለን ገበሬዎች ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ እናመርታለን። ላም ያለንም ወተት እንሸጣለን። የወተት ገንዘብ በየጊዜው ይገባል። የእህል ገንዘብ ግን በዓመት አንዴ ነው። ወጪው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። በሰኔ ማዳበሪያ፣ በመስከረም ደብተር፣ በየወሩ ዕድር አለ። በሽታም ቀጠሮ አይሰጥም።

ድሮ ገንዘባችንን በመቀነት እንቋጥር ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ባንክ እናስቀምጣለን። ባንኩም ካርድ ይሰጠናል። ካርዱን ብር የሚከፍለው ማሽን ውስጥ አስገብተን የሚስጥር ቁጥራችንን ስንጽፍ ብር ይወጣል። ታዲያ ካርድ ብር አይወልድም። የሚወጣው ያስቀመጥነው የላባችን ዋጋ ነው። በገበያ ቀን ከጨረስነው ለሰኔ ከየት ይመጣል?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር ላይ ብልሽት ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ አንዳንድ ሰዎች ካስቀመጡት በላይ አወጡ። ማሽኑ ቢሰጥም ገንዘቡ የነሱ አልነበረም። ባንኩ መልሱ አለ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውን በይፋ አወጣ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል።

ብድር ግን ሌላ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር ብድር መስጠት ጀመረ። አንዱ ብድር «እንደኪሴ» ይባላል። ዕቃ ስንገዛ ብር ቢያንሰን ይሞላልናል። ስሙ እንደ ኪሴ ነው፤ ኪሳችን ግን አይደለም። ይመለሳል።

እስቲ እናስላ። 10,000 ብር ተበደርን እንበል። ወለዱ ከ100 ብር በዓመት 18 ብር ቢሆን፣ በዓመቱ 11,800 ብር እንመልሳለን። አራጣ አበዳሪ ከ100 ብር በወር 10 ብር ቢጠይቅ ግን የዓመቱ ወለድ ብቻ 12,000 ብር ነው። ወለዱ ብድሩን በለጠው! ስለዚህ ከመበደራችን በፊት ወለዱ በወር ነው ወይስ በዓመት ብለን እንጠይቅ። ለማዳበሪያ ወይም ለወተት ላም የተበደርነው አምርቶ ራሱን ሊከፍል ይችላል። ለድግስ የተበደርነው ግን ተበልቶ ያልቃል፤ ዕዳው ብቻ ይቀራል።

ፊደል ሳንቆጥር በጣታችን እንፈርም ነበር። የፈረምንበትንም ሌላ ሰው ነበር የሚያነብልን። አሁን ቁጥር ለይተናል። ስለዚህ የሚስጥር ቁጥራችንን ራሳችን እንጻፍ። ማሽኑ ዘንድ «ላግዝህ» ለሚል ለማናውቀው ሰው ካርዳችንን አንስጥ። ቁጥሩን በካርዱ ላይ አንጻፍ። ባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሌባ ነው። ካርዱ ከጠፋም ሳናድር ለባንኩ እናስታውቅ።

እህል በተሸጠ ዕለት ባልና ሚስት ደብተር ይዘው ይቀመጡ። መጀመሪያ የዘርና የማዳበሪያ፣ ቀጥሎ የቀለብና የልጆች ትምህርት፣ ከዚያም የሕመም ገንዘብ ይመደብ። ለበዓልና ለልብስ የሚወጣው ከተረፈው ነው። ከካርዱ የወጣው ሁሉ በደብተሩ ላይ ይጻፍ። ደብተሩን ሁለቱም ያንብቡት።

ጥያቄዎች
1. በካርዳችን የምናወጣው የማንን ገንዘብ ነው?
2. 5,000 ብር ብንበደር፣ ወለዱም ከ100 ብር በዓመት 18 ብር ቢሆን፣ በዓመቱ ስንት ብር እንመልሳለን?
3. የመጪው ክረምት የቤታችሁ ወጪ ምን ምን ነው? ከባለቤታችሁ ጋር ተመካክራችሁ ጻፉት።