የቆየ የስፖርት መኪና መግዛት ላሰብከው ልጄ

ልጄ፣ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የተሠሩ የስፖርት መኪኖች ዋጋ ሲንር አይተህ፣ ካጠራቀምከው ገንዘብ አንዷን ልግዛ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ እዚህ አሜሪካ ዕድሜዬን በመካኒክነት የጨረስኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

1. ዋጋው ለምን እንደጨመረ ሳትረዳ አትግዛ። ልጅ ሳሉ የእነዚህን መኪኖች ፎቶ ግድግዳ ላይ የለጠፉ፣ በ«ግራን ቱሪዝሞ» ጌም ሲነዷቸው ያደጉ ሰዎች ዛሬ ገንዘብ ይዘዋል። ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ግን፣ እንደነሱ ያለ መኪና መሠራቱ እያበቃ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሆንዳ ኤስ2000ዎች ያለ ቱርቦ እስከ 9000 ዙር የሚሄድ ሞተር ነበራቸው፤ ምርቱ በ2009 ቆመ። የዚያው የሆንዳ ኤንኤስኤክስ አካሏ ሁሉ አሉሚኒየም ሆኖ ስትሠራ፣ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ አይርተን ሴና ራሱ ሞክሯት አስተያየቱን ሰጥቷል። ፌራሪ ኤፍ430ን ደግሞ እይ። መሪው ሥር ባለ ማንሻ ማርሽ ከምትቀይረው ይልቅ የፍሪሲዮን ፔዳል ያላት እጅግ በላቀ ዋጋ ትሸጣለች፤ አዲስ ሳሉ ግን አብዛኛው ገዢ የመረጠው ባለ ማንሻዋን ነበር። ስለዚህ የምትገዛትን መኪና አይተህ «ይህ ዳግመኛ ይሠራል?» ብለህ ጠይቅ።

2. ሕጉን እወቅ። አሜሪካ ውስጥ ያልተሸጠ መኪና ከውጭ ለማስገባት፣ ከፌዴራሉ የደህንነት መመዘኛ ነጻ የሚሆነው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር አር34 በጥር 1999 ጃፓን ውስጥ ወጣች፤ ስለዚህ በጥር 2024 በሩ ተከፈተላት። ነጋዴዎች ግን ቀኑን ከዓመታት በፊት ቆጥረው ስለነበር ዋጋዋ ቀድሞ ሰማይ ነክቷል። የምትኖርበት ስቴት የጭስ ምርመራም ለብቻው ይታያል፤ ካሊፎርኒያ በዚህ አትቀልድም።

3. ያልተነካችውን ፈልግ። ከሁሉ በላይ እንድትይዝልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ከ1993 ጀምሮ የወጣችው ቶዮታ ሱፕራ ሞተሯ፣ 2ጄዜድ የሚሉት፣ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ወጣት ትልቅ ቱርቦ ጫነበት፤ በ2001 «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» የተባለው ፊልም ሲወጣማ ያልተነካካች ሱፕራ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ዛሬ ሰብሳቢ ብዙ የሚከፍለው ከፋብሪካ እንደወጣች ለቆየችው ነው። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም ሲደረብበት እንደሚያሳዝነው ሁሉ፣ የፋብሪካው ቀለም የተፋቀባት መኪናም ታሳዝነኛለች። ቸርኬውን ወይም ማርሚታውን መቀየር ካማረህ ቀይር፤ የወለቀውን ግን ከነብሎኑ አስቀምጥ። የፊልሙ ብርቱካንማ ሱፕራ በ2021 ላስ ቬጋስ በጨረታ 550,000 ዶላር መሸጧን ሰምተህ ይሆናል። ያ የፊልሙ ዋጋ ነው፤ የአንተን ሱፕራ በዚያ አትለካት።

4. ወረቀቷን ከሞተሯ እኩል መርምር። ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ የተያዘ ደረሰኝ፣ የጥገና መጽሐፏ ማኅተም፣ ሁለቱም ቁልፎች። በር፣ ኮፈንና መከላከያ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተለጥፎባቸው የሚወጡ መኪኖች አሉ፤ ወረቀቱ ከአንዱ ላይ ከጠፋ ለምን ብለህ ጠይቅ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዘህ ሂድ፤ ስቱኮ ከሥሩ ካለ ቁጥሩ ይዘላል። ጎማው ጎን ላይ ካለው መለያ ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል፤ 2315 ካለ የ2015 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ታይትሉ ላይ «ሳልቬጅ» የተጻፈባትን፣ የቱንም ያህል ብትረክስ፣ ለትርፍ ብለህ አትንካ።

5. እያንዳንዷ የታወቀ በሽታ አላት። ፖርሽ 996 ከአየር ቀዝቃዛዋ 993 ቀጥላ የመጣች የመጀመሪያዋ በውሃ የምትቀዘቅዝ 911 ናት፤ ለረጅም ጊዜ ከረከሰችባቸው ምክንያቶች አንዱ በአብዛኞቹ ሞተሮች ውስጥ ያለው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ከተሰበረ ሞተሩ ሁሉ ይሄዳል። ቢኤምደብሊው ኤም3 ኢ46 ከኋላ የወለሉ ላሜራ ይሰነጠቃል፣ ብሮንዚናውም ይበላል። የፌራሪ 355ን የታይሚንግ ቀበቶ ለመቀየር ሞተሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ያንን ሞዴል ጠንቅቆ ለሚያውቅ መካኒክ የምርመራ ዋጋ ክፈል። ሻጩ እንቢ ካለ ተመለስ።

6. በብድር፣ ወይም በዕቁብ ለቤት ብለህ በያዝከው ብር አትግዛ። በኮቪድ ዘመን ዋጋው ተመነጠቀ፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ቀዘቀዙ። ኢንሹራንስም በተስማማችሁበት ዋጋ የሚከፍለውን ዓይነት ግባ፤ ተራው ኢንሹራንስ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ነው የሚተምናት።

7. አዲስ አበባ ወስጄ እነዳታለሁ ያልከውን እርሳ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

8. ንዳት። ቆማ የምትከርም መኪና የጎማ ማሸጊያዎቿ ይደርቃሉ፣ ቤንዚኑ ይበላሻል፣ ባትሪው ይሞታል። በረዶ ላይ ጨው ከተበተነ አታውጣት፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ታግሠህ ነዳጁን ርገጥ። ያቺን በፎቶ ያሳየኸኝን ኤስ2000 ካገኘሃት ደግሞ ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ደውልልኝ፤ አብረን ሄደን ሥሯን እናያለን።