የአገሩን አየር ማወቅ

የጥናት ክፍል፦ ዘፍጥረት ምዕራፍ 41፤ ሩት ምዕራፍ 1



ከጉና ተራራ ራስ ተነሥቶ በጋይንትና በስማዳ በኩል ወደ በሸሎ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ፣ በወረደ ቁጥር ሰብሉም፣ ዛፉም፣ የሰዉም ልብስ ሲለወጥ ያያል። ከላይ ገብስ፣ ከታች ማሽላ ነው። ይህን የሚለየው የአየር ጠባይ ነው። የአየር ጠባይ አራዊትን፣ መሣሪያንና የጥንት ታሪክን እንዴት እንደሚገዛ ቀጥለን እንመልከት።

1. አራዊት። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እንዲህ ባለው ውርጫማ ደጋ የሚበቅለው ጅባራ ሌሊት ቅጠሎቹን አጥፎ እንቡጡን ከብርድ ይሸፍናል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮም አይጥና ፍልፈል እያደነ በዚያ ይኖራል። በአገሪቱ ሁሉ የቀሩት ጎልማሶች 500 ገደማ ናቸው። ብርዱ ሲቀንስ እርሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀበሮው ግን ከተራራው ራስ በላይ የሚሸሽበት የለውም።

2. መሣሪያ። ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱም በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ በ90 ዲግሪ ይፈላል፤ ባቄላም ለመብሰል ብዙ እንጨት ይፈጃል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል።

የመሳቢያ ፓምፕ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው የውጭው አየር ግፊት ነው። በባሕር ዳርቻ የመጨረሻ ወሰኑ 10 ሜትር ሲሆን፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን 7 ሜትር ነው፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ በቆላ ከ6 ሜትር ጥልቀት ያለ ችግር የሚስብ ፓምፕ፣ ሳይበላሽ በደጋ ሊያቅተው ይችላል። ያን ጊዜ እናቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ሩቁ ምንጭ ይመለሳሉ። መፍትሔው ሲሊንደሩ ከጕድጓዱ ውሃ በታች የሚገባ ፓምፕ መምረጥ ነው፤ እርሱ ውሃውን ከታች ያነሣዋል እንጂ ከላይ አይስበውም።

3. የጥንት ታሪክ። ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ላሞች የወጡት ከወንዝ ነበር። ግብፅ ዝናብ የላትም ያህል ስለ ሆነ ጥጋቧም ረሃቧም በዓባይ ሙላት ይወሰን ነበር። ወደዚያ ከሚደርሰው ውሃ ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚበልጠው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በሸሎም ወደ ዓባይ ይገባል። ታላቁ የአስዋን ግድብ በ1962 ዓ.ም. እስኪጠናቀቅ ድረስ የእኛ ክረምት ሲደርቅ የግብፅ ማሳም ይጠማ ነበር።

በይሁዳ ያለችው ቤተ ልሔም ግን በራሷ ሰማይ ዝናብ የምትኖር ነበረች። የስሟ ትርጉም የእንጀራ ቤት ነው፤ ሆኖም ኑኃሚን ከዚያ በረሃብ ተሰደደች፤ የተመለሰችውም በገብስ አጨዳ ጊዜ ነው። በጋይንትም በዚሁ ስም የሚጠራ፣ በድጓ ትምህርት የታወቀ ደብር አለ። ድጓውም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ለሚቆየው ዘመነ ክረምት የራሱ ዜማ አለው፤ አባቶች ዝናቡን እንዴት ይጠባበቁ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ይሁን እንጂ የሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝብ የ1977 ዓ.ም. ረሃብን አይረሳም። የእንጀራ ቤት ተብሎ መጠራት ብቻውን ከረሃብ አያድንም።

ዮሴፍ ዝናብን አላዘዘም፤ የአገሩን አየር አውቆ በጥጋብ ዘመን አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ። እኛም ከመርዳታችን በፊት ከፍታውን፣ ውርጩንና የዝናቡን ወራት እንጠይቅ። የእኛን መሣሪያ ልክ የሚወስነው አገሩ ነው።

ለውይይት፦

ሀ. በአካባቢያችሁ ያሉ ጕድጓዶች ጥልቀት ስንት ሜትር ነው? ፓምፖቹስ ለከፍታው ይስማማሉ?

ለ. ከመልካም መኸር ላይ ለክፉ ዘመን የሚቀመጥ የጋራ ጎተራ አላችሁ?

ሐ. የተራራው ራስ ሳይታረስ ሊቆይ የሚችለው ገበሬው ከታች ባለው መሬት ምን ቢያገኝ ነው?