መጀመሪያ ቀኑን ጠይቂ

ልጄ፣ በነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫው ሥራ መጀመርሽን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ከሥራ የተባረሩ፣ ሥራ አጥተው የሚንከራተቱ እናትና አባቶች ፊትሽ ሲቀመጡ እነዚህን አስቢ።

1. መጀመሪያ ቀኑን ጠይቂ። ጡረታ ልወጣ ስል አንዲት እናት አራስ ልጇን አዝላ መጣች። «በቦታሽ ሰው ተቀጥሯል» ብለዋታል። ሕጉ ነፍሰ ጡርን፣ ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር፣ እንዲህ ማሰናበትን ይከለክላል። እኔ በደሏን ሁለት ገጽ ሙሉ ስጽፍ ቆየሁና የተሰናበተችበትን ቀን መጨረሻ ላይ ጠየቅኋት። ሦስት ወሩ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ለክፍያ ጥያቄ ግን ስድስት ወር አለ። ገንዘቧን አስከፈልንላት። ሥራዋ ግን ቀረ።

2. ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፍል ቶሎ ንገሪ። ፍርድ ቤት ሲባል ብዙዎቹ ቀድሞ የሚታያቸው ወጪው ነው።

3. የሥራ ልምድ ወረቀት ተጣልቶ ለወጣም ይገባዋል፤ አሠሪው በነፃ መስጠት አለበት። ከዚያ ደግሞ አዲሱ ቀጣሪ «ተያዥ አምጣ» ይላል። ለጥበቃ ሥራ! የድሃ ዘመድ ቋሚ ደመወዝ ከየት ያመጣል? ቢገኝም ፈርቶ ይሸሻል። እዚህ ላይ ተያዡ የሚፈርመውን የዋስትና ቅጽ ራስሽ አንብቢው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። መጠኑ ተቆርጦ ሲጻፍ እምቢ ያለ አጎት ሲፈርም አይቻለሁ።

4. የቤት ሠራተኛ ከሆነች ተጠንቀቂ። አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይሸፍንም፤ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አለሽ ብለሽ ከአሠሪዋ እንዳታጋጫት። የእሷ ጉዳይ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ለእኔ ይህ ዛሬም ያልተዋጠልኝ ነውር ነው።

5. «ነገ ተመለሽ» አትበይ። በቀን ሥራ ለምታድር እናት ያ ቀን የልጆቿ እራት ነው። ፎቶ ኮፒ ከጎደላት ወረቀቱን ይዘሽ አንቺ ሩጪ፤ እሷ ልጇን ታጥባ።